ሳሎን የሚሰቀል ሥዕል

(በምሩቃን የመገናኘት ቀን የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በመጠኑ ተስተካክሎ)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሥራ ውጪ ስለሆነ ነገር ጥቂት ተናገሪልን፤ ስለ በሽታ እንዳታወሪ» ብለውኛል። በሽታን ሙሉ በሙሉ ለማስቀረት ቃል አልገባሁም። ርዕሴ ግን ሥዕል ነው፤ የታወቁ የጥንት ሥዕሎችን በእጅ የተሠራ የዘይት ቀለም ቅጂ ገዝቶ ቤት ስለ መስቀል። ብዙዎቻችን በዚህ ዕድሜ ወይ ቤት ሠርተናል ወይ ኮንዶሚኒየም አድሰናል። ሶፋው ገብቷል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ከሶፋው በላይ ያለው ግድግዳ ግን ባዶውን ነው። እዚያ ላይ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በእኛ ቤት አራት ወር ፈጅቷል።

መጀመሪያ «ቅጂ እኮ ነው» ለምትሉ። ቅጂ ለእኛ አገር ባዕድ አይደለም። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለውን፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን የጌታን ሥዕል አስቡ። ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ነገሥታቱ ሲያከብሩት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው። ዋናው ሄደ። የእኛ ሠዓሊዎች ደጋግመው ቀድተውት ስለነበር መልኩ ግን እዚሁ ቀረ። ስለዚህ ቅጂ ሲባል ፊት ማዞር አያስፈልግም። ነውሩ ቅጂውን ዋና ነው ብሎ መሸጡ ላይ ነው።

ዛሬ በእጅ የተሠራ ቅጂ ያዘዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ቻይና፣ ሼንዘን ውስጥ ካለው ከዳፈን መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁዋንግ ጂያንግ የተባለ የሆንግ ኮንግ ነጋዴ ጥቂት ሠዓሊዎችን ይዞ እዚያ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ መንደሩ የሥዕል መሥሪያ ሆነ። ከሠዓሊዎቹ ስለ አንዱ፣ ስለ ዣዎ ሺያዮንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ዘጋቢ ፊልም አለ። ሰውየው ሃያ ዓመት ያህል የቫን ጎግን ሥዕሎች ሲቀዳ ኖሮ ዋናውን በዓይኑ አላየም። በመጨረሻ አምስተርዳም ሄደ። ሥራዎቹ በጋለሪ የሚሸጡ መስሎት ነበር፤ ያገኛቸው ግን በቱሪስት ዕቃ መሸጫ ሱቅ፣ እሱ ከሚከፈለው በብዙ እጥፍ ዋጋ ተለጥፎባቸው ነው። ያንን ፊልም ያየ ሰው ሥዕል ሲገዛ የማን እጅ እንደሠራው ሳይጠይቅ አያልፍም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ልመለስ። ባለቤቴን ታውቁታላችሁ፤ የእኛው ባች ነው፣ ሰርጅን ነው፣ እዚያ ሦስተኛው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል። የሱ ምርጫ የሬምብራንት «የዶክተር ቱልፕ የአናቶሚ ትምህርት» ነበር። ይህን ሥዕል ያላየ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ዘመኑ 1632 ነው፤ ሠዓሊው ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ዶክተር ቱልፕ የሬሳውን የግራ ክንድ ጡንቻ በመቆንጠጫ አንስቶ፣ በራሱ ግራ እጅ ደግሞ ጣት እንዴት እንደሚታጠፍ ያሳያል። ሰባት ሰዎች ከበውታል። ጡንቻዎቹ በትክክል ተሥለዋል ወይስ አልተሣሉም የሚል የቆየ ክርክር አለ፤ ባለቤቴ በዚህ ብቻ አንድ ምሽት ሊወስድባችሁ ይችላል።

እናቴ «ሬሳ እያዩ እንጀራ አይበላም» ብላ በበኩሏ ጨርሳዋለች። እኔን ያቆመኝ ግን የልጄ ጥያቄ ነው። ሥዕሉን ኮምፒውተሩ ላይ እያየች፣ «እማዬ፣ የተኛው ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለችኝ። ስሙ ይታወቃል። አሪስ ኪንት ይሉት ነበር፤ በዘረፋ ተፈርዶበት በስቅላት የተገደለ ሰው ነው። ሥዕሉ ላይ አንደኛው ሐኪም በያዘው ወረቀት የባልደረቦቹ ስም ተዘርዝሯል፤ በኋላ የተጨመረ ጽሑፍ ነው። የአሪስ ስም እዚያ የለም። የራሳችንን የአናቶሚ ክፍል አስታወሰኝ። ያ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማረን ሰው የጠረጴዛ ቁጥር ነበረው፤ ስም አልነበረውም።

«ታላቅ ሥዕል ነው፤ ግን ሙዚየም ይስቀለው» አልኩ። እዚያው ሄግ ከተማ፣ ማውሪትስሃውስ ውስጥ በደህና ተቀምጧል።

የኔ ምርጫ እንግሊዛዊው ሉክ ፊልድስ እ.ኤ.አ. በ1891 ለሕዝብ ያሳየው «ዶክተሩ» ነው፤ ዋናው ለንደን፣ ቴት ሙዚየም ይገኛል። የድሃ ቤት ነው። ሁለት ወንበር ተገጥሞ አልጋ ሆኗል፤ የታመመ ልጅ ተኝቶበታል፣ አንድ እጁ ተዘርግቷል። ሐኪሙ አገጩን በእጁ ይዞ ልጁን ያያል። ከኋላ እናትየው ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። አባትየው እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ የሚያየው ሐኪሙን ነው። በመስኮቱ ንጋት እየገባ ነው። የፊልድስ የመጀመሪያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1877 የገና ዕለት ጠዋት ሞቶበታል፤ ያንን ልጅ ያስታመመው ሐኪም ከሠዓሊው አእምሮ እንዳልጠፋ ይነገራል። የጎጆውን ክፍል ስቱዲዮው ውስጥ በሙሉ መጠን አሠርቶ ነው የሣለው።

ባለቤቴ «ይሄ የተሸነፈ ሐኪም ነው፤ ምንም እየሠራ አይደለም» አለ። እውነት ነው። ፔኒሲሊን የለም፣ ኦክስጅን የለም፤ ያለው ጠርሙስና ስኒ ነው። ግን እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ዛሬ ኦክስጅን አለኝ፣ ሴፍትሪያክሶን አለኝ፤ የሌለኝ ያ ወንበር ነው። ተመላላሽ ክፍል አንዲት እናት ስለ ልጇ የጀመረችውን ሳትጨርስ ቀጣይዋ በሩን ትከፍታለች። ማታ ቤቴ ስገባ ማየት የምፈልገው ቁጭ ብሎ የሚያይ ሐኪም ነው። (ሥዕሉ ፖለቲካም ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የመንግሥትን የጤና መድን ዕቅድ ሲቃወም ፖስተር አድርጎታል። ፊልድስ ግን በ1927 ስላረፈ የሚጠየቅበት የለም።)

ለመግዛት ላሰባችሁ ደግሞ። በእጅ የተሠራ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ በእጅ የተሠራ አይደለም። ሸራ ላይ ታትሞ፣ ብሩሽ ያረፈበት እንዲመስል ከላይ ወፍራም ነገር የሚቀባ አለ። በማጉያ መነጽር የሕትመቱ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይታያል፤ የብሩሹም ዱካ ከቅርጹ ጋር አይሄድም፣ ጉንጩ ሲዞር እሱ ቀጥ ብሎ ያልፋል። መጠን ስትመርጡ የዋናውን ልኬት ያዙ። «ዶክተሩ» በግምት 166 በ242 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እኔ 80 በ116 አዘዝኩ። «በተለመደው መጠን ይሁን» የሚል ሻጭ ጎን ጎኑን ይቆርጠዋል፤ ያኔ በግራ መብራቱ፣ በቀኝ አባትየው ይነካል።

ከመላኩ በፊት ፎቶ ጠይቁ። ለእኔ በተላከው ፎቶ ልጁ ጉንጩ ቀልቶ፣ ከንፈሩ ቀልቶ፣ ተነሥቶ ኳስ ሊጫወት የደረሰ ነበር። ቁጭ ብዬ እንደ ሪፈር ወረቀት ጻፍኩ፤ «ገርጥቷል፣ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ የተዘረጋው እጅ ዝሏል» ብዬ። ሠዓሊው አስተካከለው። አሁን የምር የታመመ ልጅ ነው፤ ግሩም አድርጎ ነው የሠራው።

ሸራው ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ወጥሮ ፍሬም የሚያስገባ ባለሙያ እዚሁ አለ። ፍሬሙና ቀረጡ ተደምረው ከሥዕሉ መብለጣቸውን እወቁት። የዘይት ቀለም ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ቶሎ አይደርቅም፤ ቫርኒሽ ለመቀባት ስድስት ወር ያህል ታገሡ። ቡና ከሚቆላበት፣ ዕጣን ከሚጨስበት ግድግዳም አርቁት። በእኛ ቤት ረከቦቱ አልተነቃነቀም፤ ሥዕሉ ነው የተዛወረው።

የአገራችንን ሠዓሊዎች ሥራ በቅጂ መግዛት ለምትፈልጉ ነገሩ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊው መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1981፣ አፈወርቅ ተክሌ በ2012 ነው። ያለ ፈቃድ ተቀድቶ ሲሸጥ አትግዙ። እዚያ ላይ ከምታወጡ፣ ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከወጡ ወጣቶች ዋና ሥራ ግዙ። እኛም መተላለፊያው ላይ የሰቀልነው እንደዚያ ያለ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሻጩን የሠዓሊውን ስም ጠይቄው ነበር። «ሠዓሊዎቻችን አይፈርሙም» አለኝ። ከፊት ካልሆነ ከጀርባ ይጻፍልኝ፣ የሚከፈል ካለም እከፍላለሁ አልኩ። ሲመጣ ከሸራው ጀርባ ሦስት የቻይና ፊደላት በጥቁር ቀለም ተጽፈውበታል። ከመወጠሩ በፊት ፎቶ አንስቼዋለሁ። ቻይና ስፔሻሊቲ ተምራችሁ የተመለሳችሁ እዚህ አላችሁ አይደል? ከምሳ በኋላ ፈልጉኝና አንብቡልኝ፤ ልጄ ስሙን እየጠበቀች ነው።