ስለ ወህኒ ቤት ጠቋሚዎች ምስክርነት
(በተማሪዎች ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንናገረው በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ስለሚቀርብ አንድ ዓይነት ምስክር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህ ምስክር ወንጀሉ ሲፈጸም አላየም፤ በስፍራውም አልነበረም። ቃሉ «አብረን ታስረን ሳለ፣ ገደልሁ ብሎ ነገረኝ» የሚል ብቻ ነው። በዚህም ቃል የራሱ ቅጣት ይቀልለታል፤ አለዚያም ክሱ ይነሣለታል።

በአገራችን ጥንት ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድ፣ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። በዚህ የምንስቅ ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን ያ ልጅ የሚወድቀው የእስራት ዘመኑ እንዲቀነስለት ብሎ አልነበረም።

ሐሰቱ እንዴት እንደሚሠራ በ1988 በሎስ አንጀለስ ታየ። አንድ በጠቋሚነት የታወቀ እስረኛ በወህኒ ቤቱ ስልክ እየደወለ፣ አንድ ጊዜ ፖሊስ፣ አንድ ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ነኝ እያለ፣ አይቶት ስለማያውቅ ተከሳሽ የነገሩን ዝርዝር ለቃቀመ። ይህንንም ያደረገው በሹማምንቱ ፊት፣ እንዴት እንደሚደረግ ላሳያችሁ ብሎ ነው። የአውራጃው ግራንድ ጁሪ ነገሩን መርምሮ በ1990 ባወጣው መግለጫ ዐቃቤ ሕጎቹን አጥብቆ ወቀሰ። በ2004 ከኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ደግሞ፣ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ነፃ ከወጡ 111 ሰዎች በ51ዱ ላይ፣ እስረኞችም ሆኑ ሌሎች፣ ለመዋሸት ጥቅም የነበራቸው ሰዎች መስክረው እንደ ነበር ገልጧል።

በዚህ ወጥመድ የሚያዘው ማን ነው? ባለጠጋው ዋስትናውን ከፍሎ ቤቱ ሆኖ ፍርዱን ይጠብቃል፤ ከጠቋሚው ጋር አንድ ክፍል የሚያድረው ድሃው ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1966 የጠቋሚ እውነተኛነት በመስቀለኛ ጥያቄ ተፈትኖ ለጁሪ ይተው ብሎ ነበር። በ1980 መንግሥት በጠቋሚ አማካይነት ጠበቃ ያለውን ተከሳሽ በዘዴ ማናገር እንደማይችል ፈረደ፤ በ1986 ግን ጠቋሚው ዝም ብሎ ያዳመጠ ከሆነ ቃሉ ይቀበላል አለ። ዝም ብሎ ማዳመጡን የሚነግረን ታዲያ ማን ነው? ያው ጠቋሚው ነው!

ካሊፎርኒያ በ2011 ባወጣው ሕግ፣ ደጋፊ ማስረጃ በሌለው የወህኒ ጠቋሚ ቃል ብቻ ሰው እንዳይፈረድበት ከለከለ፤ ደጋፊው ሌላ ጠቋሚ ቢሆን እንኳ ሁለቱ ስለ ነገሩ እንዳልተነጋገሩ መታየት አለበት። ይህ መልካም ነው። እኛ ግን የኢሊኖይን ሕግ እናስበልጣለን። በ2003 ሞት በሚያስፈርዱ ክሶች ተጀምሮ፣ በ2018 ወደ ሌሎች ከባድ ወንጀሎች ተስፋፋ። በዚያ ጠቋሚው በጁሪ ፊት ከመቆሙ በፊት ዳኛው ለብቻ ይመረምረዋል፤ የተገባለት ተስፋ፣ ቀድሞ የመሰከረባቸው ክሶች፣ ቃሉን ለውጦ እንደ ሆነም ይገለጣል፤ መታመኑን ማስረዳትም የዐቃቤ ሕጉ ፋንታ ነው።

አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል። ብልኅ ዐቃቤ ሕግ ምንም ተስፋ አይሰጥም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ከምስክርነቱ በኋላ ነው። ጠቋሚውም ምሎ «ምንም አልተገባልኝም» ሲል አልዋሸም። ስለዚህ ቴክሳስ በ2017 ዐቃቤ ሕጎች ማንን በጠቋሚነት እንዳስመሰከሩና ምን ጥቅም እንደ ሰጡት እንዲመዘግቡ ያዘዘው ሕግ በየግዛቱ እንዲወጣ እንፈልጋለን። ከመካከላችን ዜግነት የያዙ አሉና ለጁሪነት ይጠራሉ። እንዲህ ያለ ምስክር በፊታቸው ሲቆም፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደ መሰከረና በኋላ ምን እንዳገኘ ሳይነገራቸው ሊፈርዱ አይገባም።