ሞተር ሲነሣ ከሥሩ አንቁም

ዛሬ የምናነጋግራችሁ ስለ አሮጌ መኪና ሞተር ነው። «እኛ በሬ እንጂ መኪና የለን፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን መኪና ገጠር ውስጥ ሲበላሽ ገመድ ሳቡ፣ እንጨት ደግፉ ተብሎ የሚጠራው የሰፈሩ ሰው ነው። የሚጎዳውም እሱው ነው።

ላንድሮቨርን ታውቁታላችሁ። በእንግሊዝ አገር የተሠራው ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ነው። ባለ አራት ሲሊንደሩ የቤንዚን ሞተር ሁለት ኩንታል ያህል ይመዝናል። ሁለት ኩንታል እህል በየጆንያው ተከፍሎ ይጫናል፤ ሞተር ግን አይከፈልም።

መካኒኮች ሥራውን «ሞተር ማውረድ» ይሉታል። ሞተሩ የሚወጣው ወደ ላይ ሆኖ ሳለ ለምን ማውረድ እንደተባለ እኛንም ያስቀናል።

መጀመሪያ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል። ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ይታገዳሉ። የባትሪው ሽቦ ይፈታል። የቤንዚኑ ቱቦ ተፈትቶ ይደፈናል፤ እሳትና ሲጋራ አይቀርብም። ኮፈኑ፣ ራዲያተሩና የፊት መከለያው ይነሣሉ። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ያጋጠሙት ቡሎኖች ከመፈታታቸው በፊት ካምቢዮው ከሥሩ በእንጨት ይደገፋል። ይህ ሁሉ ሰዓት ይፈጃል እንጂ ብዙ አያስፈራም።

የሚያስፈራው ማንሣቱ ነው። የማንሻው ሰንሰለት ፓራንኮ ይባላል። ብዙ ክንድ ሰንሰለት ሲሳብ ሞተሩ ከፍ የሚለው ጥቂት ጣት ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ኩንታል የሚያነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። ፍሬን ስላለው እጅ ቢለቀውም ሸክሙ ባለበት ይቆማል። ዛፍ ላይ የተጣለ ገመድ ግን ፍሬኑ የሳቢዎቹ እጅ ብቻ ነው። አንዱን ቢያስነጥሰውስ?

ፓራንኮው የሚሰቀልበትም ይታሰብበት። የቤት ጣሪያ እንጨት ክዳን ሊሸከም እንጂ ሞተር ሊሸከም አልቆመም። በሦስት ወፍራም የባሕር ዛፍ አጣና የሚሠራ ከሆነ እግሮቹ ጉድጓድ ይግቡ፤ እርስ በርሳቸውም በገመድ ይያያዙ። አለዚያ ክብደቱ ሲመጣባቸው ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ።

ማሰሪያውስ? ሁለት ሰዎች አንድ ባልዲ ውሃ በሁለት ገመድ ይያዙ። ተጠጋግተው ሲቆሙ ክብደቱን ይካፈሉታል። እየተራራቁ ሲሄዱ ባልዲው ያው ነው፣ ክንዳቸው ግን ይዝላል። በሞተሩም እንዲሁ ነው። ሁለቱ የማሰሪያ ክንዶች ቀጥ ሊሉ ከተቃረቡ እያንዳንዱ አንድ ኩንታል ያህል ይይዛል። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ እስኪሆን ከተከፈቱ ግን እያንዳንዱ ሁለቱንም ኩንታል ይሸከማል። ስለዚህ ማሰሪያው ረዘም፣ መንጠቆው ከፍ ይበል። በቱቦና በካርቡራተር ላይ አይታሰርም፤ ስለታም ብረት በሚነካው በኩልም ገመድ አይታመንም።

እኛ ተማሪዎች አንድ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ስናነሣ የመኪናው አፍንጫ አብሮ ብድግ አለ። ሞተሩ ስለቀለለ ነው ብለን ሰንሰለቱን ጨመርንበት። አንድ ሽማግሌ መካኒክ «አቁሙ! እጃችሁን አውጡ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ ታች መልሰን ስናይ የሞተሩ አንድ መቀመጫ ቡሎን ሳይፈታ ቀርቷል። ጥፋቱ የኛ ነበር። ብንገፋበት ኖሮ ቡሎኑ ድንገት ሲበጠስ ሞተሩ እንደ ዥዋዥዌ መጥቶ ይመታን ነበር። ጓደኛችን ደግሞ እጁን ከሥሩ አስገብቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ስንዝር ካነሣን በኋላ ቆመን ዙሪያውን እናያለን። ሽቦ ተወጥሯል? መኪናው ተነሥቷል? አጣናው ተንቀሳቅሷል? አዛዡም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «አቁሙ» ማለት ግን ሕፃንም ይችላል። ሞተሩ ከካምቢዮው ተላቆ ከፍ ሲል ሞተሩን ወደ ሰው አንገፋም። ድንጋዩን አንሥተን መኪናውን ቀስ ብለን ወደ ኋላ እንገፋለን። ከዚያ ሞተሩን ወዲያው ዝቅ አድርገን በተዘጋጀው እንጨት ላይ እናስቀምጣለን፤ ተንጠልጥሎ አያድርም።