ነፃነትና የ48 ሰዓት መንገድ
(ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራቸው ለሚሄዱ ተማሪዎች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ግል ነፃነት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ የፈላስፎች መጽሐፍ ሳይሆን የአገሬ የሙጃ መንገድ ነው። ሙጃ የግዳን ወረዳ መቀመጫ ናት። በላስታ ደጋ ግን ከዳኛ ፊት ለመድረስ ስንት አቀበት መውጣት፤ ስንት ቁልቁለት መውረድ እንዳለበት የሚያውቀው ገበሬው ነው።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለዳኛ እንዲቀርብ አዞ ነበር። ሆኖም ቦታው በእግር ብቻ ከ48 ሰዓት ባላነሰ ጊዜ የሚደረስበት ከሆነ፤ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ለማራዘም ይችል ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ያንኑ 48 ሰዓት ሲደነግግ፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ እንደማይቆጠር ይናገራል። ሁለቱም ተራራችንን አስበውልናል። ዳሩ ግን ተራራው ለክፉ ሹም መሸሸጊያ እንዳይሆን «መንገዱ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የተያዘው ሰው በጊዜው ካልቀረበ፤ አካሉ ነፃ እንዲወጣ ፍርድ ቤቱን ለመጠየቅ መብት አለው። እንግሊዞች ለዚሁ ጉዳይ በ1679 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥተውለታል።

ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው በቆመበት ይቆም ነበር። ሁለቱ ባላጋራዎች ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በመንገድ ያገኙት ሰውም «ፍረድልን» ሲሉት ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማ ነበር እንጂ «አይመለከተኝም» ብሎ አያልፍም ነበር። እንግዲህ የነፃነት ኃላፊነት ማለት ይህ የመንገደኛው ኃላፊነት ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ተረትም ከዚሁ የመጣ ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ የጮኹት ለሌላ ሰው ነበርና ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ያሉባቸው ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ በተገደሉ ጊዜ፤ «ጥፋት ቢኖርባቸውስ ፍርድ ሊያገኙ አይገባምን?» ብሎ የተሟገተው ሰው ጥቂት ነበር። ብዙው ሰው የጠላው ሰው ሲነካ ዝም አለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቀይ ሽብር መጣና ያው ያለ ፍርድ መግደል በወጣቱ ላይ ዞረ፤ ተማሪውም በጥቆማ ከቤቱ እየተወሰደ ቀረ። ለባላጋራው ያልቆመ፤ ለራሱ በሚያስፈልገው ሰዓት የሚቆምለት አላገኘም።

በአስቸኳይ ጊዜ ይህ ዋስትና ሊታገድ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይፈቅዳል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀው አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ተራዝሞ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ሰላም ባለበት ቀን ያልተለመደ መብት፤ በክፉ ቀን አይገኝም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ወደ ሙጃም ሆነ ወደ ሌላው አገር ስትሄዱ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፤ አንቀጽ 17ንና አንቀጽ 19ን ለማያነበው ጎረቤታችሁ በሚገባው ቋንቋ አንብቡለት።

ሁለተኛ፤ ያላያችሁትን አትመስክሩ። የሐሰት ጥቆማ የሰውን ነፃነት ከእስር ቤት ገመድ አስቀድሞ ያስራል።

ሦስተኛ፤ ሰው ተይዞ ቢወሰድ፤ ወዳጅም ይሁን ባላንጣ፤ «መቼ ተያዘ? ለዳኛስ መቼ ይቀርባል?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ሕግ ከፈቀደለትም ዋስ ሁኑት፤ እስከ ፍርድ ቤትም አብራችሁት ሂዱ።

መንገዱ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄደው ግን ይብሱን ይርቃል።