ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

በአዲስ አበባ በአንድ የሰፈር እድር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነበበ ዲስኩር



የዛሬው አጀንዳችን የሂሳብ ሪፖርት፣ የድንኳን ግዥና የመዋጮ ጭማሪ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ጥቂት ደቂቃ የተፈቀደልኝ በቅርቡ በድንገት ስለተለዩን አባታችን እንድናገር ነው። ቤተሰባቸው ስለለመነኝ ስማቸውን አልጠራም። ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» ሲላቸው ኖሯል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ተነቧል። የተወለዱበት አገር፣ በሂሳብ ሹምነት ያገለገሉበት ዘመን፣ ያፈሯቸው ልጆች ሁሉ በቅደም ተከተል ተዘርዝረዋል። አያትነታቸው ግን በመጨረሻው መስመር ላይ «የልጅ ልጆችም አይተዋል» ተብሎ ታለፈ። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለዚያች አንዲት መስመር ነው። አባባ ጡረታ ከወጡ በኋላ የያዙት ዋና ሥራ አያትነት ነበርና።

ሴት ልጃቸው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ሕፃን ልጇን የተረከቡት እሳቸውና ባለቤታቸው እማማ ናቸው። ልጁ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል። ጠዋት ጠዋት የልጁን ቦርሳ በአንድ ትከሻቸው አንግበው፣ በሌላው እጃቸው ከዘራቸውን ይዘው ሲያልፉ ያላየ ከመካከላችን የለም። የቤት ሥራ ደብተሩን ያየ ግን ጥቂት ነው። እኔ አይቼዋለሁ። ወላጅ በሚፈርምበት ቦታ ላይ ሙሉ ስማቸውን ጽፈው፣ ቀኑን አስፍረው፣ ከላዩ «ተመርምሯል» ይሉ ነበር። ስሕተት ያገኙ እንደሆነ ደግሞ «እንዲስተካከል ተመልሷል» ብለው ይጽፋሉ። መምህርቷ መጀመሪያ ስቃ ነበር፤ ኋላ ግን ያለ እሳቸው ፊርማ የመጣ የቤት ሥራ አትቀበልም ነበር አሉ። ከአርባ ዓመት የቢሮ ልማድ አንድ ሕፃን ይህን ያህል ተጠቅሟል።

ከዚያ በአንድ ሌሊት ሆነ። እራታቸውን በልተው «ደረቴን ከበደኝ» አሉ፤ ሳይነጋ ዐረፉ። ኑዛዜ የለ፣ ስንብት የለ።

እድራችን ያን ዕለት የሠራውን ማንም ሊነቅፍ አይችልም። ጥሩምባው ማለዳ ተነፋ። ረፋድ ላይ ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበሩ ተደረደረ፤ ጎረምሶቹ ውኃ ቀዱ፤ እናቶች ንፍሮ ቀቀሉ፣ እዝን ከየቤቱ ጎረፈ። ገንዘቡም በዕለቱ ተከፈለ። ሦስት ቀን ሙሉ ያ ቤት ሰው አልተለየውም። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ፤ ዕቃው ተቆጥሮ መጋዘን ገባ፤ እኛም ወደየሥራችን ሄድን።

ልጁ እስከዚያ ድረስ ጎረቤት ቤት ነበር። «አባባ ሐኪም ቤት ናቸው» ተብሏል። በአራተኛው ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ግድግዳውን ነው። የአባባ ፎቶ ለዓመታት የተሰቀለበት ቦታ ከሌላው ቀለም ደምቆ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አጠገቡ ሻማ አለ። «ፎቶውን ማን አወረደው?» አለ። አንዲት ዘመድ ፈጥነው «ዝም በል፤ እማማን እንዳታስለቅሳቸው!» አሉት። ልጁም ዝም አለ። እስከ ዛሬ ከእሳቸው ስም በቀር ብዙ ነገር ያወራል።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልሸፍን ልናገር። ልጅን ከለቅሶ ቤት ማሸሽ ደግነት ይመስለናል፤ እኔ ግን ጉዳት ነው እላለሁ። «ተኝተዋል» የተባለ ልጅ መተኛት ይፈራል፤ «ሄደዋል» የተባለ ልጅ በር በር ሲያይ ይኖራል። የሚያምነው ሰው ቁጭ ብሎ፣ በአጭሩ «አባባ ሞተዋል፤ አይመለሱም፤ አንተን ግን የምንይዝህ እኛ ነን» ሊለው ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ከፈለገ ከእኛ ጋር ያልቅስ፤ ኳሱን ይዞ መውጣት ከፈለገም ይውጣ።

እናቱንስ? ለሩቅ ሰው መርዶ የሚነገርበትን ወግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያው ከተማ ያሉ የአገር ልጆች ይፈለጋሉ፣ ማልደው በሯን ያንኳኳሉ፣ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ይኖራል። የእኛዋ ልጅ ግን የአባቷን ሞት ያወቀችው በፌስቡክ ነው። ከእኛው ሰፈር የሆነ ሰው ፎቷቸውን ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ፤ እሷም በሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ አነበበችው። የሠራተኛ ውል ያሰረው ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ ለቀብር አይደርስም። ቢያንስ መርዶው በወጉ ይድረሳት ነበር። የለጠፈው ሰው በክፋት እንዳላደረገው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከእንግዲህ የቅርብ ቤተሰብ ሳይሰማ ስልኮቻችን ዝም ይበሉ።

ወደ ኑሮው ልመለስ። ድንገተኛ ሞት ወረቀት አያዘጋጅም። የአባባ የሣጥን ቁልፍ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ነበር፤ ኮቱ ደግሞ ከሌላው ልብስ ጋር ለነዳያን ተሰጠ። የቤቱን ካርታና የጡረታ መታወቂያቸውን ያገኘነው ጓጉንቸሩን ሰብረን ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ይደነግጋል፤ የሞት የምስክር ወረቀት ከሌለ ባንኩም፣ የጡረታ ቢሮውም፣ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው ፍርድ ቤትም በር አይከፍቱም። በዚያ 30 ቀን ውስጥ ግን እማማ የት ነበሩ? ፍራሽ ላይ ነበሩ። ማን ያስመዝግብላቸው?

በጡረታ ሕጋችን የሟች ሚስት ባሏ ያገኝ ከነበረው አበል 50 በመቶውን ታገኛለች። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅም 20 በመቶ አለው። የልጅ ልጅ ግን በተተኪዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። አያቱ ሲያሳድጉት ቢኖሩም፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን ከዚያች ጡረታ ሲከፍሉለት ቢቆዩም፣ ሕጉ አያየውም። ስሙ ላይ እንኳ አባባ የሉም፤ እኛ አገር በመታወቂያ ላይ የሚጻፈው የአባት አባት ስም ነውና። በለቅሶው ጎረቤት የተላከ፣ በሕጉ ያልተቆጠረ፣ በስሙ ያልተያያዘ ልጅ ነው እንግዲህ። አባባን ከማንም ይልቅ ያጣው ግን እሱ ነው።

የእኛ ደንብ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ያበቃል። የአባቶቻችን አቆጣጠር እንዲህ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ሣልስት ብቻ አይደለም ያለው፤ ሰባት አለ፣ አሥራ ሁለት አለ፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት አለ። ሙስሊም አባሎቻችንም ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ዒዳ 4 ወር ከ10 ቀን መሆኑን ይነግሩናል። ሐዘን ረጅም መሆኑን የቀደሙት አውቀው ቀን ቆርጠውለታል። እኛ ግን አርባውን የድግስ ቀን አደረግነው። ተበድሮ ተዝካር ያወጣና ዕዳውን ሲከፍል ዓመት የከረመ ቤተሰብ በዚህ አዳራሽ ውስጥም አለ። ለድግሱ ሁላችን እንመጣለን፤ በአርባና በሰማንያ መካከል ባለው ተራ ማክሰኞ ግን ማንም በሩን አያንኳኳም።

«እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው» የሚሉ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የገባ ሰው ዘመዱ ሩቅ ቢሆንም ቀባሪ እንዳያጣ ብሎ የመሠረተው ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም በየሰፈሩ ተስፋፋ። ነገር ግን በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ በዚህችው ከተማ ደንባቸውን ከፍተው በሽተኛ መጠየቅ፣ ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናት መደገፍ የጀመሩ እድሮች ነበሩ። በ2012 በኮሮና ምክንያት መሰብሰብ ሲገደብም ድንኳን ሳንተክል፣ በስልክና በደጅ ተራ ይዘን ስናጽናና ከርመናል። ደንብ ሰው የጻፈው ነው፤ ችግር ሲመጣ ተሻሽሎ ያውቃል።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በድንገት አባወራውን ወይም እማወራዋን ያጣ ቤት፣ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ በየእሁዱ ሁለት ሁለት አባላት ተራ ገብተው ይጎብኙት። ባዶ እጃቸውን ይምጡ፤ ድግስ አንጠይቅም። ከተረኞቹ አንዱ በመጀመሪያው ወር ወረቀቱን ተከታትሎ ያስጨርስ፤ በእድራችን ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ ያገለገሉ ስንት ሰዎች አሉን! የአባባ የልጅ ልጅ የዘንድሮ የትምህርት ቤት ክፍያም ከመጠባበቂያው ይሸፈን። የድንኳኑ ግዥ አንድ ዓመት ቢቆይ የሚጎድልብን የለም፤ ያለው ድንኳን ገና አያፈስም።

ለቤት ሥራ ደብተሩም አንድ ሰው ያስፈልጋል። «ተመርምሯል» ብሎ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ቀኑን ጽፎ መፈረም ግን ይገባል።

ክቡር ዳኛ፣ ሐሳቡ ለድምፅ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። ካለፈ የመጀመሪያው ተራ የፊታችን እሁድ ነው። መዝገቡ ጸሐፊያችን ዘንድ ነው፤ ከአዳራሹ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ።