ሳይከፍቱ ማወቅ፤ ስለ ሰው ደረት፥ ሆድና ጀርባ ትምህርት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን፥ በዩኒቨርሲቲ ሕክምና የሚማሩ የቀድሞ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



የመረጥነው ርእስ አናቶሚ፥ ማለት የሰው አካል አሠራር ትምህርት ነው። እርሱም ሰፊ ስለ ሆነ፥ ራስን፥ እጅንና እግርን ትተን የሰውነትን ግንድ፥ ይኸውም ደረትን፥ ሆድንና ጀርባን ብቻ እናነሣለን።

ብዙ ሰው አናቶሚ ሲባል በቃል የሚጠና የስም ክምር ይመስለዋል። በእርግጥ ከላቲንና ከግሪክ የመጡት ስሞች እጅግ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ነገሩ ስም ማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በየቤታችን ያሉት እናቶችና አባቶች በቀደሙን ነበር። ባልትና የምታውቅ እናት ዶሮን በ12 ብልት ትለያለች፤ ቅርጫ የሚያከፋፍል አባትም ፍርምባውን ከጎድኑ፥ ሽንጡን ከወርቹ ሳይሳሳት ይለያል። በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ጉበትና ጣፊያ የት እንዳሉ ያላየ ልጅ በመካከላችን ጥቂት ነው። ታዲያ የሐኪም ትምህርት በምን ይለያል? በዚህ ይለያል፤ አራጁ ከፍቶ ያያል፥ ሐኪም ግን ሳይከፍት ማወቅ አለበት። ስለዚህ የትምህርቱ ዋና ጥያቄ «ይህ ምን ይባላል?» የሚል ሳይሆን፥ «ጣቴ ካረፈበት ቆዳ በታች ምን አለ?» የሚል ነው።

ከደረት እንጀምር። ሰው በየጎኑ 12 የጎድን አጥንት አለው። ከጉሮሮ ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ተነሥተን ጣታችንን በፍርምባችን አጥንት ላይ ወደ ታች ብናንሸራትት ትንሽ ጉብታ እናገኛለን፤ በዚያ ጉብታ ትክክል የተያያዘው 2ኛው ጎድን ነው። ከዚያ ወዲያ መቁጠር ቀላል ነው። በግራ በኩል በ5ኛውና በ6ኛው ጎድን መካከል በብዙ ሰው ላይ የልብ ምት በጣት ይዳሰሳል።

ይህ ቆጠራ ለምን ይጠቅማል? በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት በሳንባ ዙሪያ ውኃ ሲቋጠር ሐኪሙ በመርፌ ይቀዳዋል። በእያንዳንዱ ጎድን የታችኛ ጠርዝ ሥር ደም መልስ፥ ደም ቅዳና ነርቭ ተደራርበው ያልፋሉ። ስለዚህ መርፌው በሁለቱ ጎድኖች መካከል ሲገባ የታችኛውን ጎድን አናት ተጠግቶ መግባት አለበት። የቦታው ልዩነት ከአንድ ጣት ስፋት ብዙም አይበልጥም፤ ጥፋቱ ግን በሽተኛውን ሊያደማ ይችላል።

የጀርባም ነገር እንዲሁ ነው። የማጅራት ገትር የተጠረጠረበት በሽተኛ ከአከርካሪው ውስጥ ፈሳሽ ይቀዳለታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ወላጅ «ልጄ ሽባ ይሆንብኛል» ብሎ ይፈራል። ነገር ግን በአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር የሚያልቀው በ1ኛውና በ2ኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው፤ በሕፃን ጥቂት ዝቅ ይላል። የግራና የቀኝ ዳሌ አጥንቶችን አናት የሚያገናኘው መሥመር ደግሞ ከዚያ በታች፥ በ4ኛው ላይ ያልፋል። ሐኪሙ የሚወጋው በዚህ መሥመር አጠገብ ነው፤ በዚያ ያሉት ነርቮች በፈሳሽ ውስጥ እንደሚንሳፈፉ ክሮች ስለ ሆኑ ከመርፌው ገለል ይላሉ። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ሐኪም ይህን ምርመራ ሲጠይቃችሁ በፍርሃት ብቻ እንዳትከለክሉ እንለምናችኋለን።

ሕመም አንዳንድ ጊዜ ከምንጩ ርቆ ይሰማል። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእምብርት ዙሪያ ነው፤ ከሰዓቶች በኋላ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ሆድ ማሸት ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት የቆሰለውን አንጀት ሊያፈነዳው ይችላልና፥ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። ጣፊያም ከግራው 9ኛ፥ 10ኛና 11ኛ ጎድን ሥር ተሸሽጎ ይገኛል። በቅሎ የረገጠችው ወይም መኪና የገጨው ሰው ጣፊያው ሲደማ፥ አንዳንድ ጊዜ «ግራ ትከሻዬን አመመኝ» ይላል። ምክንያቱም ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፥ ድያፍራም፥ ነርቩን የሚያገኘው ከአንገት ነው፤ የትከሻው ቆዳም ስሜት ከዚያው ይመጣል። ይህን ያልተማረ ትከሻውን ያሻል፤ የተማረ ግን ሆዱን ይመረምራል።

ይህ ዕውቀት የተገኘው መጽሐፍን ከአካል ጋር ባስተያዩ ሰዎች ነው። የጥንቱ ሐኪም ጋሌን በአብዛኛው እንስሳትን ቀድዶ ስለ ተማረ፥ የፍርምባ አጥንት 7 ክፍል አለው ብሎ ነበር፤ ቃሉም ከሺሕ ዓመት በላይ ታመነ። ቬሳሊየስ ግን በ1543 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ፍርምባ 3 ክፍል እንደ ሆነ አሳየ። በ1761 የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ የነበረው አውኤንብሩገር፥ ደረትን በጣት እየመቱ ድምፁን መስማት በውስጡ ያለውን ውኃ እንደሚገልጽ በቪየና አስታወቀ፤ ጠላ ጠማቂ ጋኗን አንኳኩታ ሙላቱን እንደምታውቅ ማለት ነው። በ1816 ደግሞ ፈረንሳዊው ላኤኔክ ወረቀት ጠቅልሎ የልብን ድምፅ አዳመጠ፤ የዛሬው ማዳመጫ መሣሪያ የመጣው ከዚያ ነው። አሁን ራጅ፥ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን አሉ። ነገር ግን ሥዕሉን የሚያነበው አናቶሚ የተማረ ሰው ነው፤ መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያም ያሉት ዓይን፥ ጆሮና ጣት ናቸው።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የመጀመሪያው አስተማሪያችን አስከሬን ነው። በብዙ አገሮች አንዳንዱ በሕይወቱ ሳለ ሰውነቱን ለትምህርት የሰጠ ነው፤ አንዳንዱ ግን ቀባሪ ዘመድ ያልተገኘለት ነው። በእኛ አገር ቀብር ትልቅ ነገር መሆኑን፥ ዕድርም የቆመው ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ይህ ሰው ግን ቀብሩ ዘግይቶ እኛን ያስተምራል። በእርሱ ፊት መቀለድ፥ ፎቶግራፍም ማንሣት ነውር ነው። ስሙን ባናውቅም ባለ ዕዳዎቹ ነን፤ ዕዳው የሚከፈለውም ከእርሱ የተማርነውን ሕያው በሽተኛ በማዳን ነው።

ውድ ታናናሾቻችን፥ ወደዚህ ትምህርት ለመምጣት የምትፈልጉ ሁሉ፥ ከአሁኑ ሁለት ነገር ልመዱ። አንደኛ፥ የተማራችሁትን በእጃችሁ ሣሉት፤ ሥዕል ያላወቃችሁትን ቦታ ወዲያው ያጋልጣልና። ሁለተኛ፥ ስም በቃላችሁ ስትይዙ «ከፊቱ ምን አለ? ከኋላውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፈተና በስም ብዛት ሊታለፍ ይችላል፤ በሽተኛ ግን የሚድነው ቦታውን በሚያውቅ እጅ ነው።