የተዘጋው ጽሕፈት ቤት ለማን ይከፈት?

ለጎብዬና ለአካባቢዋ ካህናት፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎችና ወጣቶች የቀረበ ንግግር



ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ አዲስ ሕንፃ ስለ መሥራት አይደለም። አስተዳደር ወደ አዲስ ቢሮ በተዛወረ፣ ወይም ሁለት ቀበሌዎች ተዋሕደው አንድ በሆኑ ቁጥር ከኋላ ስለሚቀረው ቤት ነው። በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ከአንድ ሰው ኪስ ይገባል። በመጀመሪያው ክረምት ቆርቆሮው ያፈስሳል፣ በሁለተኛው ኮርኒሱ ይወድቃል፣ ከዚያ ወዲያ መስኮቱና በሩ እየተነቀለ ይሄዳል። በዚያው ከተማ ብየዳ የሚያውቅ ወጣት በአስፋልቱ ዳር በፀሐይ ሲሠራ ይውላል፤ ልብስ የምትሰፋ እናትም መኪናዋን የምታሳድርበት አጥታ ማታ ማታ ወደ ቤቷ ታመላልሳለች። ቤቱን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ውሉ መጻፍ አለበት ብለን እናምናለን።

የቀበሌ ቤት በሀገራችን የራሱ ታሪክ አለው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ከታወጀ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ አደራጀ። ከዚያ ወዲህ የስብሰባ አዳራሽና ጠባብ የጽሕፈት ክፍሎች ያሉት ቤት በየከተማው የተለመደ ሆነ። ብዙ ጊዜም ድንጋዩን ያመላለሰው፣ መዋጮውን የከፈለው ነዋሪው ነው። ስለዚህ ቤቱ በመዝገብ የመንግሥት ቢሆንም፣ ሥራ ሲያቆም ምን ይሁን ብሎ መጠየቅ የሕዝቡ መብት ነው።

አዲስ አበባ ይህንን ከእኛ ቀድማ አይታዋለች። ከ300 በላይ የነበሩት ቀበሌዎቿ በ1995 ዓ.ም. ከመጣው የ10 ክፍለ ከተማ አደረጃጀት በኋላ ተሰባስበው 99 ሆኑ፤ በኋላም በ116 ወረዳዎች ተተኩ። ባዶ ከቀሩት ቤቶች መካከል ቤተ መጻሕፍትና የወጣት ማዕከል የሆኑ አሉ፤ ቢራ የሚጠጣበትና ኳስ የሚታይበት መዝናኛ ሆነው የቀሩም አሉ። ልዩነቱን ያመጣው የግድግዳው ጥንካሬ ሳይሆን ቤቱ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ግዴታ እንደተሰጠ ነው።

አሮጌ ቤት ለጀማሪ ለምን እንደሚስማማ ጄን ጄኮብስ የተባሉ አሜሪካዊት ስለ ከተሞች በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ አስረድተውታል። የአዲስ ሕንፃ ወጪ በኪራይ ላይ ይጫናል፤ ያንን የሚሸከመው የደረጀ ነጋዴ ነው። ወጪው ከብዙ ዘመን በፊት የተከፈለ ቤት ግን ገና የሚፍጨረጨረውን ሰው ሊያስጠጋ ይችላል። ይህ ለኒው ዮርክ ከሠራ ለጎብዬ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም።

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ ይመረታል፤ በቆቦ ሸለቆ ከጉድጓድ በሚወጣ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። ከፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የምርምር ውጤቶች መካከል አቀንጭራን የሚቋቋም አንድ የማሽላ ዝርያ «ጎብዬ» ተብሎ መጠራቱንም በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን። ስሙ የታወቀውን ማሽላ አስፈጭቶና አሽጎ ለመንገደኛ የሚሸጥ ሰው ግን ንጹሕ ክፍል ያስፈልገዋል። የውኃ ፓምፕ የሚጠግን፣ የጋሪ ጎማ የሚያስተካክል፣ በርና መስኮት የሚበይድ ሰውም ቦታ ይሻል። ቤቱ መጀመሪያ ለእነዚህ ይሁን፤ የሚያገለግሉት ገበሬ በደጃፋቸው ነውና።

ቢሮ ግን ወርክሾፕ ሆኖ አልተሠራም። በሩ ጠባብ ነው፤ ማሽን አያስገባም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ለአምፖልና ለኮምፒዩተር የተዘረጋ ስለሆነ ወፍጮና ከባድ ብየዳ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ይጠይቃሉ። የብየዳ ፍንጣሪ ከጨርቅና ከዱቄት አጠገብ መሆን የለበትም፤ ስለዚህ በያጁ በግቢው ውስጥ ለብቻው ጥላ ይሠራለት፣ ልብስ ሰፊዎቹ ክፍሎቹን ይያዙ፣ አዳራሹ ለማሸጊያና ለማከማቻ ይሁን። የራያ ቆላ ሙቀት ከቆርቆሮ በታች ለሚውል ሰው ቀላል ስላልሆነ ኮርኒስና የአየር መውጫ እንደ ቅንጦት አይታዩ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የተጎዳ ግድግዳ ካለ መሐንዲስ ሳያየው ሰው አይግባበት። ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ ቤት ከሌለ ደግሞ ሴቶቹ ይመጣሉ ብለን አንጠብቅ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ ብዙ ጊዜም የሚረሳ ነገር አለ። በእነዚህ ቢሮዎች መደርደሪያ ላይ የቤተሰብ ማኅደር፣ የይዞታ መዝገብ፣ የግብር ደረሰኝ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በመሬቷ ላይ ክርክር ሲነሣባት አረንጓዴው ደብተሯ ቢጠፋ መተማመኛዋ ያ መዝገብ ነው። ወረቀቱ ተቆጥሮ፣ በፊርማ ርክክብ ተደርጎበት ወደ አዲሱ ቢሮ ሳይሄድ አንድም ክፍል አይጠረግ።

ወደ ውሉ እንመለስ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1724 የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ቁጥር 1727 ደግሞ ሁለት ምስክሮች ይሻል። በቃል የተሰጠ ክፍልና በአንድ ኃላፊ መልካም ፈቃድ የተገኘ ቁልፍ ኃላፊው በተቀየረ ማግስት ዋጋ የለውም። ነገሩን በሰው ልክ እንየው። አንድ ወጣት ቀድሞ አብቁተ ከምንለው ከዛሬው ጸደይ ባንክ ተበድሮ ቆጣሪ ቢያስገባ፣ ወለሉን ሲሚንቶ ቢያደርግ፣ በዓመቱም «ቤቱ ለሌላ ሥራ ተፈልጓል» የሚል ደብዳቤ ቢደርሰው ዕዳው ከእርሱ ጋር ይቀራል፤ ወለሉ ግን ከቤቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ውሉ የዘመኑን ርዝመት፣ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ፣ ተከራዩ ያሻሻለው ነገር እንዴት እንደሚካስ ይናገር።

በሌላ ወገን ተከራዩም ይታሰር። በየከተማው ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት የተሰጡ ሼዶች ለሦስተኛ ወገን ሲከራዩ፣ ማኅበሩም ስም ብቻ ሆኖ ሲቀር ሁላችንም አይተናል። ኪራዩ ከገበያው እጅግ ሲያንስ ልዩነቱን ደላላ ይበላዋል፤ አጥር ጥግ ሱቅ ሠርተው የሚያከራዩ አጥቢያዎቻችን ይህንን ከማንም በላይ ያውቁታል። በእኛ አስተያየት ኪራዩ በመጀመሪያው ዓመት ዝቅ ብሎ ይጀምር፣ በየዓመቱ ይጨምር፣ ቢበዛ በ5 ዓመት ተከራዩ ቦታውን ለተረኛ ይልቀቅ። የእያንዳንዱ ክፍል ባለመብት ስምና የሚወጣበት ቀን በበሩ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ የሚያልፍ ሁሉ ያንብበው። ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ያዥ እንድትሆን አንፈልግም፤ መራጩ ኮሚቴ ግን ካህኑም ሼኩም፣ ሴቶችም ያሉበት ይሁን።

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ የወሎ ልጆች በብዛት ነበሩባቸው። ከራያ ቆቦ ዛሬም በጅቡቲና በየመን በኩል የሚሄድ አለ። አንድ ክፍልና አንድ ቆጣሪ ስደትን ያስቀራሉ አንልም። ሆኖም ሙያ ይዞ የተመለሰን ሰው «የት ልሥራ?» ሲል የተቆለፈ ቤት እያሳየን ቦታ የለም ማለት ይከብደናል።

ስለዚህ ለጊዜው የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ሽማግሌዎች ከአስተዳደሩ ጋር ሆናችሁ ሥራ ያቆሙትን ቤቶች በስም መዝግቡ፤ በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ምን ወረቀት እንዳለ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ጻፉ። ቆርቆሮውን ደግሞ ክረምት ሳይገባ አንድ አናጢ ወጥቶ ይየው።