ስብን በቱቦ ስለማስወጣት፦ ለዛሪማ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ስብን በቱቦ መጥጦ ስለማውጣት፣ ብዙዎች ላይፖሰክሽን ስለሚሉት ቀዶ ሕክምና፣ ዛሪማ ላይ መናገር ያለቦታው የመጣ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የአገራችን ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶዎቹ ብቻ ከልክ በላይ የወፈሩ ነበሩ። በእኛም ዘንድ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ማለት ሙገሳ ነው። ሆኖም ከሊማሊሞ ሥር ተነሥተው ጎንደር፣ አዲስ አበባና አረብ አገር የገቡ ልጆቻችን ሙገሳው ስድብ በሆነበት ዓለም ይኖራሉ። ለዚህ ሕክምና እስከ ቱርክ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አለ። የስንት ዓመት ላብ የሆነ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ቤተሰብ ነገሩን ማወቅ አለበት።

ሕክምናው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ቆዳውን በጥቂቱ ይበሳና ጫፉ ደነዝ የሆነ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ስቡን በመሳቢያ መኪና ይመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሮም ላይ አርፓድና ጆርጆ ፊሸር የተባሉ አባትና ልጅ ጀመሩት፤ ፓሪስ ላይ ኢቭ ዠራር ኢሉዝ አሻሻለው። በ1980ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ጄፍሪ ክላይን ሊዶኬይንና አድሬናሊን የተቀላቀለበት ጨዋማ ፈሳሽ አስቀድሞ ወደ ስቡ መርጨትን አመጣ። አድሬናሊኑ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ መድማቱ በእጅጉ ቀነሰ። ከዚህ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ይበልጥ ተስፋፋ።

ታዲያ የሚወጣው የትኛው ስብ ነው? በግ ያረደ ሁሉ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ሌላ ነው፤ አንጀትን የሸፈነው ሞራ ሌላ ነው። ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ የሚያጋልጠው ውስጠኛው ሲሆን፣ ቱቦው ግን እሱን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የሴንት ሉዊስ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 15 ወፍራም ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ገደማ ስብ ወጣላቸው። ከአሥር ሳምንት በኋላ ሲመረመሩ የደም ግፊታቸውም ሆነ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን የሚቀበልበት ሁኔታ አልተሻሻለም። ያን ያህል ኪሎ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ የቀነሰ ሰው ግን ጤናው ይሻሻላል።

ጥቅም የለውም እያልሁ አይደለም። ክብደቷ የተስተካከለ፣ ስፖርትም ሆነ ጾም ያላጠፋው ስብ በአንድ ቦታ የቀረባት ሴት ቅርጿ ይስተካከላል። እግርን የሚያሳብጠውንና የሚያሳምመውን የስብ ሕመም ያስታግሣል፤ የወንድ ጡት ማበጥንም ያክማል። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ግን ሌላውን ነው፤ የወጣው ስብ ተጣርቶ በእሳት ቃጠሎ ጠባሳ ሥር ሲገባ የደረቀውን ቆዳ ያለሰልሳል። ልጆች ምድጃ ላይ በሚወድቁበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አደጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ደም እግር ውስጥ ረግቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ሕክምናው እንዳበቃ ረጅም በረራ ላይ መሳፈር ይህን ያባብሳል። የስብ ጠብታም የሳንባን የደም ሥር ሊዘጋ፣ ሊዶኬይኑ ከልኩ ካለፈ ልብን ሊመርዝ፣ ቱቦው ከመስመሩ ከወጣ አንጀትን ሊበሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች መጠይቅ ከ5000 ታካሚ አንድ ገደማ እንደሞተ አመለከተ። የያኔው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ባለቤት ስቴላ ኦባሳንጆ እ.ኤ.አ. በ2005 ስፔን ውስጥ የሆድ ስብ ለማስወጣት ገብተው በ59 ዓመታቸው ሕይወታቸው አለፈ። ሐኪሙም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። ገንዘብም ክብርም ያላቸው ሰው ከዚህ አልዳኑም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ቅርጽ ለማስተካከል፣ በሠለጠነ እጅ፣ ጤነኛ ሰው ቢያደርገው አልቃወምም። ክብደት ለመቀነስ ወይም ስኳርንና ግፊትን ለመከላከል ብሎ የሚያደርገው ግን ገንዘቡንም ሕይወቱንም ለከንቱ አስይዟል።

እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር በስልክ ስትገናኙ አትቆጧቸው፤ ጠይቋቸው። ሐኪሙ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ነው? የሰመመን ባለሙያ አለ? ድንገት ብትታመሚ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው ሆስፒታል ቅርብ ነው? በአንድ ጊዜ ስንት ሊትር ያወጣሉ? ከአምስት ሊትር በላይ ከሆነ አደጋው ስለሚከብድ ሆስፒታል ተኝቶ መታየት ይገባል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስኪገኝ ድረስ አንድም ብር እንዳይከፍሉ አደራ በሏቸው።